ክኒኑን የዋጠው ማን ነው? በአውሮራ ስለተሠራ የኤች አይ ቪ ምርምር

  የዛሬው ትምህርታዊ ዝግጅታችን ስለ ኤች አይ ቪ ነው። «ኧረ ይሄ ወሬ ድሮ አለቀ» ብላችሁ ጣቢያ ልትቀይሩ ያሰባችሁ ካላችሁ ጥቂት ታገሱኝ። ልጆችም አብረዋችሁ ካሉ ድምፁን አትቀንሱት፤ የምናወራው በአብዛኛው ስለ ሳይንስ ነው፣ ያውም እዚሁ አውሮራ፣ ከቤታችን ደጃፍ ላይ ስለተሠራ ሳይንስ። ዓመተ ምሕረቶቹን የምጠራው በምንኖርበት አገር አቆጣጠር፣ በፈረንጆቹ ነው።

በ15 ቁጥር አውቶቡስ ኮልፋክስን ይዛችሁ ከዴንቨር ወደ ምሥራቅ ስትመጡ፣ ፒዮሪያን እንዳለፋችሁ በስተግራ ሰፊ ግቢ ታያላችሁ። የኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲ የአንሹትስ የሕክምና ግቢ ነው። ለብዙዎቻችን እንግዳ ቦታ አይደለም። ልጅ የወለድንበት፣ ዘመድ ያስታመምንበት፣ በነርስነትም በጽዳትም በፋርማሲ ቴክኒሻንነትም የምንሠራበት ነው። በ1918 ሲቆረቆር ሳንባቸው የታመመ ወታደሮች የሚታከሙበት የጦር ሠራዊት ሆስፒታል ነበር፤ አካባቢው የሚጠራበት ፊትዝሲመንስ የሚለው ስም የመጣው ከዚያ ነው። ፕሬዚዳንት አይዘንሃወር በ1955 ዴንቨር ሳሉ ልባቸውን ታመው ሰባት ሳምንት ያህል የተኙትም እዚሁ ነው። ወታደራዊው ሆስፒታል በ1990ዎቹ መጨረሻ ሲዘጋ የዩኒቨርሲቲው የሕክምና ክፍል ከዴንቨር ጓዙን ጠቅልሎ ወደ አውሮራ መጣ።

በዚህ ግቢ ውስጥ የኮሎራዶ የፀረ ቫይረስ ፋርማኮሎጂ ቤተ ሙከራ ይገኛል። ከሥራው ጋር ስማቸው ተያይዞ የሚነሳው ፕሮፌሰር ፒተር አንደርሰን ናቸው። ሐኪም አይደሉም፤ የፋርማሲ ሰው ናቸው። እኛ ዘንድ ፋርማሲስት ሲባል ትዝ የሚለን ከባንኮኒው ጀርባ ቆሞ «ከምግብ በኋላ፣ በቀን ሁለቴ» የሚለን ባለሙያ ነው። የአንደርሰን ሥራ ግን መድኃኒቱ ከጉሮሮ ከወረደ በኋላ ያለውን መከታተል ነው። ምን ያህሉ ደም ውስጥ ገባ፣ ምን ያህሉ ሴል ውስጥ ዘለቀ፣ ስንት ቀን ቆየ? በሥራ ዘመናቸው ደጋግመው የተመለሱበት ጥያቄ ደግሞ ማንኛዋም እናት ለታመመ ልጇ የምታቀርበው ጥያቄ ነው፦ መድኃኒትህን ውጠሃል?

ልጅ «አዎ» ይላል። ትልቅ ሰውም «አዎ» ይላል። ችግሩም የሚጀምረው ከዚህ «አዎ» ነው።

በ2010 መጨረሻ ላይ አይፕሬክስ የተባለ ትልቅ ጥናት ውጤት ይፋ ሆነ። የመሩት የሳን ፍራንሲስኮው ዶክተር ሮበርት ግራንት ነበሩ። በፔሩ፣ በኢኳዶር፣ በብራዚል፣ በደቡብ አፍሪካ፣ በታይላንድና በአሜሪካ ቫይረሱ የሌለባቸው 2,499 ሰዎች ተሳትፈውበታል፤ ከወንዶች ጋር ግንኙነት ያላቸው ወንዶችና ትራንስጀንደር ሴቶች ነበሩ። ይህን ስል ፊቱን የሚያጨፈግግ አድማጭ እንደማይጠፋ አውቃለሁ። ቫይረሱ ግን የማንንም ፊት አያይም፤ ከዚያ ጥናት የተገኘውም እውቀት ዛሬ ለሁላችንም ይሠራል። ለግማሾቹ ትሩቫዳ የተባለው ክኒን፣ ለግማሾቹ ደግሞ መልኩ አንድ ዓይነት የሆነ ግን መድኃኒት የሌለበት ክኒን ተሰጠ፤ ሁሉም በየቀኑ እንዲወስዱ ተነገራቸው። ትሩቫዳ ቴኖፎቪርና ኤምትሪሲታቢን የተባሉ ሁለት መድኃኒቶችን አንድ ላይ የያዘ ሲሆን እስከዚያን ጊዜ የተፈቀደው ቫይረሱ ላለባቸው ሰዎች ማከሚያነት ነበር። ጥናቱ የጠየቀው፣ ጤነኛ ሰው አስቀድሞ ቢወስደው ቫይረሱ እንዳይይዘው ይከላከልለታል ወይ ብሎ ነው።

ባዶውን ክኒን ከተሰጡት 64 ሰዎች፣ ትሩቫዳ ከተሰጡት 36 ሰዎች በቫይረሱ ተያዙ። ሲሰላ መከላከሉ 44 ከመቶ ሆነ።

44 ከመቶ ግማሽ እንኳን አይሞላም። በዚህ ልክ የሚከላከል ነገር ለሕዝብ ይመከራል ወይ የሚል ክርክር ተነሳ። ተሳታፊዎቹ ሲጠየቁ ከተሰጣቸው ክኒን ከ90 ከመቶ በላዩን ውጠናል ብለው ነበር። እንዲያ ከሆነ መድኃኒቱ ደካማ ነው ማለት ነው። አንደርሰንና ባልደረቦቻቸው የገቡት እዚህ ላይ ነው፤ ሰዎቹን መጠየቅ ትተው ደማቸውን ጠየቁ። ትሩቫዳ ተሰጥቷቸው በቫይረሱ ከተያዙት መካከል መድኃኒቱ ደማቸው ውስጥ የተገኘው 9 ከመቶዎቹ ላይ ብቻ ነበር። ካልተያዙት ውስጥ ለማነጻጸሪያ በተመረጡት ላይ ሲታይ ደግሞ 51 ከመቶ። ቫይረሱ ከያዛቸው አብዛኞቹ በዚያን ሰሞን ክኒኑን አልዋጡትም ነበር ማለት ነው። ካልተያዙትም ቢሆን በግማሽ ያህሉ ደም ውስጥ መድኃኒቱ አልነበረም።

ጥያቄው በዚህ ተለወጠ። ትክክለኛው መጠን ደም ውስጥ ቢኖር ኖሮስ? ለዚህ መልስ ለማግኘት በሌላ ጥናት ፈቃደኛ ጤነኛ ሰዎች ባለሙያ ፊት ለፊት እያያቸው ክኒን ዋጡ፤ በሳምንት ሁለት፣ አራት፣ ከዚያም ሰባት። በእነዚህ ሰዎች ሴሎች ውስጥ የተገኘው የመድኃኒት መጠን ተለክቶ ከአይፕሬክስ ተሳታፊዎች ጋር ተነጻጸረ። በ2012 የወጣው ስሌት በሳምንት ሁለት ክኒን የሚወስድ ሰው የመያዝ አደጋው በ76 ከመቶ፣ አራት የሚወስድ በ96 ከመቶ፣ በየቀኑ የሚወስድ ደግሞ በ99 ከመቶ እንደሚቀንስለት አሳየ። ልብ በሉ፣ ይህ ስሌት የተሠራው በአይፕሬክስ ተሳታፊዎች ላይ ነው፤ ለሴቶች ሐኪሞች የሚመክሩት በየቀኑ ሳያቋርጡ መውሰድን ነው። በዚያው ዓመት ሐምሌ ላይ የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር ትሩቫዳ ለመከላከያ እንዲውል ፈቀደ። ዛሬ በየክሊኒኩ «ፕረፕ» ሲባል የምትሰሙት ይኸው ነው።

መድኃኒቱ ደካማ እንዳልነበር በዚህ ታወቀ። የቀረው ጥያቄ ሰው ለምን አልዋጠውም የሚለው ነበር። የዚህ መልስ ከአፍሪካ መጣ፤ ሲመጣም መራራ ነበር።

ቮይስ የተባለው ጥናት በደቡብ አፍሪካ፣ በኡጋንዳና በዚምባብዌ 5,029 ሴቶችን ያካተተ ነበር። ውጤቱ በ2013 ይፋ ሲሆን ክኒኑም ሆነ አብሮ የተሞከረው በብልት የሚገባ የመድኃኒት ጄል ሴቶቹን አልጠበቃቸውም ተባለ። ሴቶቹ ሲጠየቁ 90 ከመቶ ያህሉን ወስደናል ብለዋል። የደም ምርመራው ሲታይ ግን ትሩቫዳ ከተሰጣቸው ሴቶች ናሙናዎች መድኃኒቱ የተገኘው በ29 ከመቶው ብቻ ነው። አንዳንድ ሰዎች ያን ጊዜ «ዋሹ» ብለው ደመደሙ። ተመራማሪዎቹ ግን ተመልሰው ሄደው፣ ለሴቶቹ የራሳቸውን የደም ውጤት አሳይተው፣ ሳይወቅሱ ምክንያታቸውን ጠየቁ። ክኒኑን ቤት ውስጥ ያየ ሰው በሽተኛ ናት እንዳይላቸው ይፈሩ ነበር። የጎረቤት ሐሜት ነበር፤ የባልና የፍቅረኛ ጥርጣሬም ነበር። ጤነኛ ሆኖ የበሽተኛ መድኃኒት መዋጥ ሥጋት ላይ የጣላቸውም ነበሩ። ክሊኒክ ሲሄዱ ደግሞ የሚያከብሯቸውን ባለሙያዎች ላለማሳዘን «እየወሰድኩ ነው» ይላሉ።

ይህ ለእኛ እንግዳ ታሪክ ነው? አይመስለኝም። ታላቅን ፊት ለፊት «አላደረግሁም» ማለት የሚከብደን ሰዎች ነን። ሐኪም «መድኃኒቱን እየወሰዱ ነው?» ሲለን «እግዚአብሔር ይመስገን» ብለን የምናልፍ ስንቶቻችን ነን? በእሺታም በእምቢታም ሳይሆን በምስጋና ጥያቄን የምናልፍ ሰዎች ነን። የክኒን ብልቃጥ ሲንኮሻኮሽ እንዳይሰማ መድኃኒቱን ወደ ሌላ ዕቃ ገልብጦ፣ ወረቀቱን ልጦ፣ ሻንጣ ሥር የሚደብቅ ሰው አዲስ አበባም አለ፤ ኮልፋክስ ላይ ባለ ሁለት መኝታ ቤት ውስጥ ከሦስት ጓደኞቹ ጋር የሚኖርም እንዲሁ አለ።

አሁን ወደ አውሮራው ቤተ ሙከራ ልመልሳችሁ። የዛሬውን ዝግጅት ያዘጋጀሁት በዋናነት ለዚህ ክፍል ነው።

የደም ውሃው፣ ማለትም ፕላዝማው፣ የሚናገረው ስላለፉት ጥቂት ቀናት ብቻ ነው። ቀጠሮ ሲደርስ በዋዜማው ሁለት ክኒን የዋጠ ሰው ወሩን ሙሉ ሲወስድ የከረመ ይመስላል። አንደርሰንና ባልደረቦቻቸው፣ ከእነርሱም መካከል ዶክተር ሆሴ ካስቲዮ ማንሲያ፣ የፈለጉት የረጅም ጊዜ ምስክር ነበር። ያገኙትም በቀይ የደም ሴል ውስጥ ነው።

ለምን በቀይ ሴል ውስጥ እንደሆነ ለመረዳት የቴኖፎቪርን አሠራር ማየት ያስፈልጋል። መድኃኒቱ ከፕራጉ ኬሚስት አንቶኒን ሆሊና ከቤልጂጉ ኤሪክ ደ ክለርክ የረጅም ጊዜ ትብብር የተገኘ ነው። ኤች አይ ቪ የሰው ሴል ውስጥ ሲገባ የራሱን አር ኤን ኤ ወደ ዲ ኤን ኤ ይገለብጣል፤ ይህን የሚሠራለት ሪቨርስ ትራንስክሪፕቴዝ የተባለ ኢንዛይም ነው። ቴኖፎቪር የዲ ኤን ኤ መገንቢያ ከሆኑት አንዱን የሚመስል ሐሰተኛ ነው። ሴሉ ውስጥ ሲገባ ሁለት ፎስፌት ይጨመርለትና ቴኖፎቪር ዲፎስፌት ይሆናል፤ ኢንዛይሙ እውነተኛ መስሎት ሰንሰለቱ ላይ ሲሰካው ሰንሰለቱ ከዚያ አያልፍም። የተጨመሩት ፎስፌቶች ደግሞ ሌላ ነገር ያደርጋሉ፤ ኤሌክትሪካዊ ሙል ስላላቸው መድኃኒቱ ከሴሉ እንዳይወጣ ይይዙታል። ቀይ የደም ሴል ኒውክለስ የለውም፣ ቫይረሱም አይራባበትም፤ ግን መድኃኒቱን ይቀበላል፣ ያስቀምጠዋልም። እዚያ ውስጥ ግማሹ እስኪወገድ 17 ቀን ያህል ይፈጃል። ስለዚህ በየቀኑ የሚወስድ ሰው ደም ውስጥ መጠኑ ለሳምንታት እየተጠራቀመ ይሄዳል፤ ያቋረጠ ሰው ላይ ደግሞ ቀስ እያለ ይወርዳል። የእድር መዝገብ አንድ አባል ዛሬ ምን እንዳለ ሳይሆን ባለፉት ወራት መዋጮውን ከፍሎ እንደሆነ እንደሚያሳየው ማለት ነው። በዋዜማው የተዋጠች አንዲት ክኒን ይህን መዝገብ አታሳስተውም።

ኤምትሪሲታቢን የተባለው ጓደኛው ግን ቶሎ ይጠፋል፤ የሚናገረው ስላለፉት አንድ ሁለት ቀናት ነው። ሁለቱ በአንድ ጠብታ ላይ አብረው ሲለኩ አንዱ የሰሞኑን፣ ሌላው የወራቱን ይመሰክራል።

የናሙናው አወሳሰድ ቀላል ነው። 25 ማይክሮ ሊትር ደም፣ ማለትም አንዲት ጠብታ፣ ለዚሁ በተሠራ ወፍራም ወረቀት ላይ ትደረጋለች። ወረቀቱ ይደርቃል፣ እርጥበት ከሚመጥ ከረጢት ጋር ፕላስቲክ ውስጥ ይገባል፣ ከዚያ ፍሪዘር ውስጥ ይቀመጣል። ቤተ ሙከራ ሲደርስ ከደረቀው ደም መካከል 3 ሚሊ ሜትር ስፋት ያላት ክብ ቁራጭ ተበስታ ትወጣለች። ቁራጯ በፈሳሽ ትዘፈዘፋለች፤ የተለቀቀው ነገር ሞለኪውሎችን በክብደታቸው ለይቶ ወደሚቆጥር መሣሪያ ይገባል። የሚለካው በፌምቶሞል ነው፤ አንድ ፌምቶሞል አንድ ሞል ለአንድ እና 15 ዜሮ ሲካፈል ነው። በዚያች ቁራጭ ላይ 700 ፌምቶሞል ከተገኘ ሰውዬው በአማካይ በሳምንት አራት ክኒን ያህል ወስዷል ማለት ነው። 1,250 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ በየቀኑ እየወሰደ ነው። 350 ካልሞላ ግን ሁለት እንኳን አልሞላም።

እነዚህ ቁጥሮች ከሰማይ አልወረዱም። እዚሁ ኮሎራዶና ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ ፈቃደኞች ባለሙያ እያያቸው ክኒን እየዋጡ፣ ሆን ተብሎ ቀን እየተዘለለባቸው፣ ደማቸው እየተለካ የተገኙ ናቸው። ቫይረሱ የሌለባቸው፣ ለራሳቸው ምንም የማይጠቅማቸው ሰዎች ናቸው ያን ያደረጉት። የሳይንስ ታሪክ ሲጻፍ የፕሮፌሰሩ ስም ይጠቀሳል፤ ክንዳቸውን የሰጡት ሰዎች ስም አይጠቀስም።

በ2014 የአይፕሬክስ ቀጣይ ጥናት ሲወጣ የደረቀው ጠብታ ዋጋ ታየ። በሳምንት አራትና ከዚያ በላይ ክኒን የሚያሳይ መጠን በተገኘባቸው ጊዜያት አንድም ሰው በቫይረሱ አልተያዘም። ዜሮ ነበር። ከዚያ ወዲህ ይህ መለኪያ በብዙ አገሮች የፕረፕ ጥናቶች ውስጥ ገብቷል።

የኢትዮጵያ ነርሶች ይህን ወረቀት ያውቁታል። ቫይረሱ ካለባት እናት የተወለደ ሕፃን ስድስት ሳምንት ሲሞላው ከተረከዙ የሚወሰደው ደም ጠብ የሚደረገው በዚሁ ዓይነት ካርድ ላይ ነው፤ ከገጠር ጤና ጣቢያ ተነስቶ በፖስታ ወደ ክልል ላቦራቶሪ ይላካል። እዚያ የሚፈለገው ቫይረሱ ነው፤ አውሮራ ውስጥ የሚፈለገው መድኃኒቱ ነው።

ጠብታዋ ለመከላከያ ብቻ አይደለም የምትሠራው። የካስቲዮ ማንሲያ ቡድን እዚሁ በዩኒቨርሲቲው ክሊኒክ የሚታከሙ፣ ቫይረሱ ያለባቸው 532 ሰዎችን ተከታትሎ፣ በደረቀ ደም ውስጥ ያለው የቴኖፎቪር ዲፎስፌት መጠን ቫይረሱ በቁጥጥር ሥር መሆኑንና አለመሆኑን በግልጽ እንደሚያሳይ አግኝቷል። እንዲያውም ዛሬ ቫይረሱ የማይታይበት ሰው እንኳን መጠኑ ዝቅ ብሎ ከተገኘ ወደፊት ቫይረሱ ሊያንሠራራበት እንደሚችል ቀድሞ ይጠቁማል። ሐኪሙ ሰውዬው ሳይታመም ደርሶ «ምን ቸገረህ? ሥራህ ነው? ቤት ነው? ገንዘብ ነው?» ብሎ የሚጠይቅበት ጊዜ ያገኛል። እንደ እኔ አስተያየት የዚህ ሁሉ መሣሪያ ጥቅሙ እዚህ ላይ ነው። ሰውን «ያዝንህ፣ ዋሽተሃል» ለማለት ከዋለ ግን ከፖሊስ ሥራ አይለይም።

(አጭር የሙዚቃ መሸጋገሪያ)

ዴንቨር በኤች አይ ቪ ታሪክ ውስጥ የገባችው ግን ከዚህ ሁሉ ምርምር ቀደም ብሎ ነው። ሰኔ 1983፣ የበሽታው ምክንያት ገና በውል ሳይታወቅ፣ ዴንቨር ውስጥ አገር አቀፍ የኤድስ ጉባኤ ተካሄደ። በሽታው ያለባቸው ጥቂት ሰዎች፣ ከኒውዮርክ፣ ከሳን ፍራንሲስኮና ከሌሎች ከተሞች የመጡ፣ ማይክል ካለንና ቦቢ ካምቤል ከመካከላቸው ነበሩ፣ መድረኩ ላይ ወጥተው የአቋም መግለጫ አነበቡ። የዴንቨር መርሆዎች ይባላል። በእኛ ጉዳይ ያለ እኛ አትወስኑ፣ በየደረጃው ባለው ውሳኔ ላይ እንገኝ፣ ምስጢራችን ይጠበቅ፣ ክብራችን አይነካ የሚል ይዘት ነበረው። ከሁለት ዓመት በኋላ በ1985 ኮሎራዶ ቫይረሱ የተገኘበት ሰው ስም ለጤና ባለሥልጣን እንዲመዘገብ በማዘዝ ከአሜሪካ ግዛቶች ቀዳሚ ሆነች። የጤና ባለሥልጣናቱ በሽታውን ለመከታተል ነው አሉ፤ ሌሎች ደግሞ ሰው ከምርመራ ይሸሻል አሉ። ክርክሩ ዓመታት ፈጅቷል፤ ሁለቱም ወገን ባዶ ምክንያት አልነበረውም።

በ1990 ዶክተር ሮበርት ስኩሊ የኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲን የተላላፊ በሽታዎች ክፍል ለመምራት መጡ፤ እስከ 2005 እዚሁ ሠርተዋል። ከ1995 እስከ 2002 የአሜሪካን ትልቁን የኤድስ መድኃኒት ሙከራ መረብ፣ ኤሲቲጂን፣ በሊቀመንበርነት መርተዋል። በእርሳቸው ዘመን ከተሠሩት ጥናቶች አንዱ በ1997 የታተመው ኤሲቲጂ 320 ነው። 1,156 ሕሙማን የተሳተፉበት ሲሆን ሦስት መድኃኒት አንድ ላይ የሚወስዱት ወደ ኤድስ ደረጃ የመድረስ ወይም የመሞት ዕድላቸው ሁለት ብቻ ከሚወስዱት በግማሽ ያህል መቀነሱን አሳየ፤ 11 ከመቶ የነበረው 6 ከመቶ ሆነ። የሦስቱ መድኃኒት ዘመን እንዲህ ነው ሥር የሰደደው። ስኩሊ በኋላ ወደ ሳን ዲዬጎ ሄዱ። በ2016 ማንኛውም አንቲባዮቲክ ያልበገረው ባክቴሪያ ይዞት ሞት አፋፍ ላይ የነበረን ፕሮፌሰር፣ ባክቴሪያ የሚያጠፉ ቫይረሶችን በደም ሥሩ በመስጠት ካዳኑት ሐኪሞች አንዱ ሆኑ። ዕድሜውን ሙሉ ቫይረስ ሲዋጋ የኖረ ሰው በመጨረሻ ቫይረስን መድኃኒት ማድረጉ የሚገርም ነው። በኮቪድ ጊዜ ደግሞ በመርፌ ብቻ ይሰጥ የነበረውን ሬምዴሲቪር በአፍ የሚወሰድ ለማድረግ ከተሰለፉት ተመራማሪዎች ጋር ነበሩ።

በአገራችን በኢትዮጵያ ደግሞ የመጀመሪያዎቹ የኤድስ ሕሙማን የተመዘገቡት በ1986 ነው። ፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒት በክፍያ መሰጠት የጀመረው በ2003፣ በነፃ ደግሞ በ2005 ነው። ዴንቨር ላይ በ1983 የሆነውን ዓይነት ድፍረት አዲስ አበባ ላይ ያሳዩት መቅድምና ተስፋ ጎህ የተባሉት ማኅበራት ናቸው፤ በ1990ዎቹ መጨረሻ ቫይረሱ በደማቸው ያለ ሰዎች ራሳቸው ያቋቋሟቸው። ያን ጊዜ ፊቱን ለቴሌቪዥን ያሳየ ሰው ቤት ልቀቅልን፣ ሥራህም ይቅርብህ ይባል ነበር። መድኃኒቱም ከመጣ በኋላ ፀበል ሲገቡ ክኒኑን ያቋረጡ ነበሩ። በ2007 ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ ፀበሉንም መድኃኒቱንም አብሮ መውሰድ እንደሚቻል በይፋ ሲናገሩ ለብዙ ሰው ትልቅ እፎይታ ሆነ። የአንደርሰን ማሽን ሊፈታው የማይችለውን ቋጠሮ አንድ የሃይማኖት አባት ንግግር ፈታው።

የክኒን ብልቃጥ መደበቅ የሚያስጨንቀው ሰው ካለ ደግሞ ምርምሩ ሌላ መንገድ ከፍቶለታል። በየሁለት ወሩ በመርፌ የሚሰጠው ካቦቴግራቪር በታኅሣሥ 2021 ለመከላከያ ተፈቀደ። ከዚያ ሌናካፓቪር መጣ። ይህኛው የቫይረሱን ዘር የሚሸፍነውን የፕሮቲን ቅርፊት የሚነካ ሲሆን በስድስት ወር አንድ ጊዜ ከቆዳ ሥር ይወጋል። በደቡብ አፍሪካና በኡጋንዳ በተደረገው ጥናት ሌናካፓቪር ከተሰጣቸው 2,134 ሴቶች አንዷም በቫይረሱ አልተያዘችም። አሜሪካ በሰኔ 2025 ለመከላከያ ፈቀደችው፤ የዓለም ጤና ድርጅት በቀጣዩ ወር መከረው። ሲፈቀድ ዋጋው እዚህ አገር በዓመት ከ28,000 ዶላር በላይ ተለጥፎበት ነበር። ለድሃ አገሮች ግን ከ2027 ጀምሮ በዓመት 40 ዶላር አካባቢ የሚሸጥ ተመሳሳይ መድኃኒት ለማቅረብ ስምምነት ተደርጓል። የሁለቱ ዋጋ ልዩነት መድኃኒት ምን ያህል እንደሚያስወጣና ምን ያህል እንደሚሸጥ ሁለት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን ያሳያል።

በስተመጨረሻ እዚህ ለምንኖር ሰዎች ጥቂት ተግባራዊ ነገር ልንገራችሁ።

በዲቪም በቤተሰብም ስንመጣ ኤች አይ ቪ ያለበት ሰው አሜሪካ እንዳይገባ የሚከለክለው ደንብ ጥር 4 ቀን 2010 ላይ ተነስቷል። ዛሬ የኢሚግሬሽን የጤና ምርመራ ውስጥ የኤች አይ ቪ ምርመራ የለም። «ግሪን ካርዴን ይወስዱብኛል» ብሎ ከምርመራ የሚሸሽ ሰው አሁንም አጋጥሞኛል፤ ደንቡ ከተነሳ ግን ዓመታት ተቆጥረዋል።

መድኃኒቱን በአግባቡ እየወሰደ ቫይረሱ በምርመራ የማይታይበት ሰው በግንኙነት ለሌላ አያስተላልፍም። ይህ ተስፋ ሳይሆን የተጠና ነው። በ2019 በወጣው ጥናት አንዱ ቫይረሱ ያለበት፣ ሌላው የሌለበት 782 ጥንዶች ለዓመታት ክትትል ተደርጎላቸው ከአጋር የተላለፈ አንድም ኤች አይ ቪ አልተገኘም።

ፕረፕን ለማግኘት ሐኪም ዘንድ ቀጠሮ መያዝ ግድ አይደለም። የኮሎራዶ ሕግ ከ2020 ጀምሮ ፋርማሲስት ራሱ እንዲያዝ ይፈቅዳል። ለአደጋ ተጋልጫለሁ ብሎ የሚሰጋ ሰው ደግሞ በ72 ሰዓት ውስጥ ለ28 ቀን የሚወሰድ መድኃኒት ቢጀምር ሊድን ይችላል፤ ከዚያ ካለፈ ግን ዋጋ የለውም። ስለዚህ ሰኞ እስኪመጣ አትጠብቁ፤ ድንገተኛ ክፍል ሂዱ።

አንድ ነገር ደግሞ አደራ። ሐኪም ፊት ስትቀርቡ ልጃችሁን ወይም የሰፈር ሰው አስተርጓሚ አታድርጉ። የፌዴራል ገንዘብ የሚቀበል ማንኛውም ሆስፒታልና ክሊኒክ የአማርኛ አስተርጓሚ በነፃ የማቅረብ ግዴታ አለበት። «እዚህ ከተማ ሁሉም ይተዋወቃል፣ አስተርጓሚው ያውቀኝ ይሆናል» ብላችሁ ከሠጋችሁ ከሌላ ግዛት በስልክ የሚሠራ አስተርጓሚ ጠይቁ፣ ስማችሁን እንዳይጠራም ንገሩት። ክኒኑን ካልዋጣችሁትም «አልዋጥኩም፣ ምክንያቱም እንዲህ ነው» በሉት ሐኪሙን። ላለፈው ማንም አይከሳችሁም፤ ሐኪሙ ሊረዳችሁ የሚችለው ግን ይህን ሲሰማ ብቻ ነው።